የመቅደላ ዘመቻ የብረት ድልድዮችና ሥዕሎቻቸው

ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዙላ በተባለው ስፍራ፣ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። ሐዲዱ ከባሕሩ ዳር ተነስቶ ደጋው ከሚጀምርበት ተራራ ሥር፣ እስከ ኩማይሌ፣ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ ስምንት የብረት ድልድዮች ተሠርተውበታል። በአፍሪካ ቀንድ ምድር ባቡር ሲሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ያን ጊዜ ነው። የተሠራው ግን ለንግድም ለሀገሬውም ጥቅም አልነበረም፤ ወሎ ውስጥ መቅደላ አምባ ድረስ ሄዶ ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ነበር። ዘመቻው ሲያልቅ ሐዲዱ ተነቀለ፣ ጦሩም ተሳፍሮ ሄደ። ስለዚህ ያንን የብረት ሥራ የዛሬ ሰው የሚያውቀው በዘመቻው መዝገብ፣ በፎቶግራፍና በጋዜጣ ላይ በታተሙ ቅርጽ ሥዕሎች ነው።

ነገሩ ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው ሩቅ አይደለም። አምባሰል የሁለት ውኃዎች መለያ ነው። በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ ሚሌ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ደግሞ ወደ በሽሎ ይገባና ከዓባይ ጋር ይቀላቀላል። መቅደላ የምትገኘው ከዚያው ከበሽሎ ገደል ማዶ ነው። ከዙላ የተነሳው ጦር ወደ ግቡ ሲቃረብ የረገጠው ደላንታም የአምባሰል ጎረቤት ነው። የዙላው ሐዲድና የብረት ድልድዮቹ የተሠሩት ይህን ሀገር ለመድረስ ሲባል ነው፤ ሊደርሱበት ግን አልቻሉም። የዘመኑ ሥዕሎች ሲታዩ ይህን ርቀት ማስታወስ ያስፈልጋል።

(በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ያልተጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብረት ወንዝ ሲሻገር

የዙላዎቹ ድልድዮች የመጡበትን ጥበብ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ታላቅ የብረት ድልድይ የተተከለው በእንግሊዝ ሀገር፣ በሰቨርን ወንዝ ላይ፣ ኮልብሩክዴል በተባለው የብረት ማቅለጫ ሰፈር አጠገብ ነው። በ1779 ቆመ፤ በ1781 መጀመሪያ ላይ ለመንገደኛ ተከፈተ። ከዳር እስከ ዳር 30 ሜትር ገደማ የሚዘረጋ አንድ ቅስት ነው። ያሠራው የብረት ማቅለጫው ባለቤት አብርሃም ዳርቢ ሳልሳዊ ነበር። ዳርቢ ድልድዩ ለሸቀጡ ማስታወቂያ እንደሚሆንለት ስለተረዳ ሠዓሊዎች እየመጡ እንዲሥሉት አደረገ። ዊልያም ዊልያምስና ማይክል አንጄሎ ሩከር ገና በ1780 ሥለውታል፤ የሩከር ሥዕልም በማተሚያ እየተባዛ ተሸጧል። የብረት ድልድይና ሥዕል ከመነሻው አብረው የሄዱ ናቸው ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመው ግን አንድ ትንሽ የውኃ ቀለም ሥዕል ነው። ኤልያስ ማርቲን የተባለ ስዊድናዊ ሠዓሊ በ1779 በቦታው ነበረና ድልድዩ ገና በግማሽ እንዳለ፣ ብረቶቹ ከእንጨት መቆሚያ ላይ እየወጡ ሲተከሉ ነድፎታል። ሥዕሉ ስቶክሆልም ውስጥ በ1997 ተገኘ። እስከዚያ ድረስ ያ ሁሉ ከባድ ብረት ከወንዙ በላይ እንዴት እንደተሰቀለ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። መሐንዲሶች በሥዕሉ እየተመሩ ድልድዩን በግማሽ መጠን እንደገና ሠርተው የአሠራሩን ዘዴ ፈትነዋል። አንድ በእጅ የተነደፈ ወረቀት ከመዝገብ ያልተገኘውን ነገር ሲናገር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የሰቨርኑ ድልድይ የተሠራው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት ነው። እንዲህ ያለው ብረት ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ወይም ሲያጎብጡት ግን በድንገት ይሰበራል። ቅስት የሚያርፍበትን ክብደት ወደ ጎንና ወደ ታች ስለሚገፋው ለዚህ ብረት ይስማማዋል። ከወንዝ ዳር እስከ ወንዝ ዳር ቀጥ ብሎ እንደ ቤት ወራጅ የሚጋደም ድልድይ ግን ሌላ ነገር ነው። ባቡር ሲያልፍበት የወራጁ የላይኛው ጎን ይጨመቃል፣ የታችኛው ጎን ይሳባል። በ1847 በቼስተር ከተማ በዲ ወንዝ ላይ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ የባቡር ድልድይ ከሥሩ ተሰብሮ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ለወራጅ የሚመረጠው በእሳት እየጋለ የተቀጠቀጠው፣ ሲስቡት የሚለጠጠው ብረት ሆነ። ረጅም ሰሌዳዎች በችንካር እየተያያዙ አንድ አግዳሚ ይሆናሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ደግሞ አረብ ብረት ተተካ።

ይህ አዲስ ዓይነት ድልድይ አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። በፋብሪካ ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ተቆጥሮ፣ በመርከብ ተጭኖ ሌላ ሀገር ላይ ሊገጠም ይችላል። የድንጋይ ድልድይ ለመሥራት በቦታው ግንበኛ፣ ኖራና ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ የብረቱ ግን በሳምንታት ውስጥ ይቆማል። የቅኝ ገዥዎች ጦርና ንግድ ብረትን የወደዱት ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው። ዙላ ላይ የታየውም ይኸው ነው።

ሠዓሊዎቹም ዘመኑን ተከትለዋል። ክሎድ ሞኔ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በፓሪስ አቅራቢያ የሚገኘውን የአርዣንቴይ የባቡር ድልድይ ደጋግሞ ሥሏል። ጉስታቭ ካይቦት በ1876 በሣለው «የአውሮፓ ድልድይ» ውስጥ በመስቀልኛ የተጋጠሙት ወፍራም ብረቶች ከሰዎቹ በላይ ጎልተው ይታያሉ። ቪንሰንት ቫን ጎግ በ1888 አርል ከተማ የሚገኘውን የትሪንክታይ የብረት ድልድይ ሥሏል። ከዚያ በፊት በሥዕል ዘንድ ለዓይን የሚያምር ድልድይ ማለት አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ግን ፋብሪካ የሠራውን ነገር ለሥዕል የሚበቃ አድርገው አይተውታል። ደስታ ብቻም አልነበረም። በታኅሣሥ 1879 መጨረሻ በስኮትላንድ የቴይ ድልድይ በማዕበል ሌሊት ከነባቡሩ ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ የተሳፈሩት በሙሉ ሞቱ፤ በሥዕል የሚታወቁት ጋዜጦችም ገጾቻቸውን በዚህ አደጋ ሥዕሎች ሞሉ።

ዙላ

የመቅደላ ዘመቻ ምክንያት በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ንጉሡም የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር አሰሩ፤ ሊያስማማ የተላከው ሆርሙዝ ራሳምም ታሰረ። የእንግሊዝ መንግሥት ጦር እንዲዘምት ወሰነ፤ ጦሩንም በአብዛኛው ከሕንድ አንቀሳቀሰ። አዛዡ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ነበሩ። ናፒየር በሙያቸው መሐንዲስ ናቸው፤ በሕንድ መንገድና ቦይ ሲያሠሩ ኖረዋል። ዘመቻው የመሐንዲስ ዘመቻ ሆኖ የተመራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀዳሚው ቡድን በጥቅምት 1867 ዙላ ወረደ። ናፒየር በጥር 2 ቀን 1868 ደረሱ። የወረደው ጦር 13,000 ያህል ወታደር፣ ከዚህ እጥፍ የሚሆን አገልጋይና ጫኝ፣ ከ40,000 በላይ እንስሳት ነበሩት። ከእነዚህም ውስጥ ከባድ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ይገኙበታል። ዙላ በረሓ ናት፤ የሚጠጣ ውኃ የላትም። ስለዚህ በመርከቦቹ የእንፋሎት ማሞቂያ የባሕር ውኃ እየተተነነ፣ ጨው እየተለየለት ይቀርብ ነበር። ባሕሩ ከዳር ጥልቅ ስላልሆነ መርከቡ እንዲጠጋ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ረጃጅም የማራገፊያ ድልድዮች ተሠሩ፤ የመጀመሪያው ብቻ 640 ሜትር ያህል ይረዝማል። የቴሌግራፍ ሽቦም ወደ ደጋው ተዘረጋ።

የባቡሩ ጉዳይ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። በባሕር ዳር የሚራገፈው ስንቅ፣ ጥይትና ገለባ ወደ ተራራው ሥር መድረስ ነበረበት፤ በመካከል ያለው ሜዳ ግን ሙቅ አሸዋ ነው፣ ከብቱም በጥምና በበሽታ ያልቅ ነበር። ሐዲዱ፣ ሎኮሞቲቩና ፉርጎው ከሕንድ መጣ። ስፋቱም የሕንዱ ሰፊ ሐዲድ ነው፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ከ67 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሐዲዱ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ፣ አንዳንዱም ያረጀ ስለነበረ ሠራተኞቹ አንዱን ከሌላው ጋር ሲያጋጥሙ ብዙ ጊዜ አጥተዋል። ሥራውን የሠሩት የሕንድ የጦር መሐንዲሶችና የሕንድና የቻይና ቀን ሠራተኞች ናቸው።

በ19 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ስምንት ድልድይ ለምን አስፈለገ? ሜዳው ከሩቅ ሲታይ ጠፍጣፋ ነው፤ ሲጠጉት ግን ከደጋው በሚወርዱ ደረቅ ወንዞች የተቆራረጠ ነው። በደረቁ ወራት ወንዙ አሸዋና ጠጠር ብቻ ነው። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ታች ፀሐይ እያለ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል፤ በመንገዱ ላይ ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። በወሎ ቆላ የሚኖር ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። አፈር ቆልሎ ሐዲድ ማሳለፍ ስለማይቻል መሐንዲሶቹ ከሕንድ ያመጡትን የብረት ወራጅ በየደረቁ ወንዝ ላይ አጋደሙት። እነዚህ ድልድዮች ዝቅ ያሉ፣ አጫጭርና ቀላል ናቸው። የመሐንዲስ ጥበብ አይታይባቸውም፤ የሚደነቀው ተቆጥረው መምጣታቸውና በፍጥነት መገጣጠማቸው ነው።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን ዘመቻው እየቀደመ ሄዷል። ሐዲዱ እስከ መጨረሻው ክፍል ሲደርስ ዋናው ጦር ወደ ደጋው ወጥቶ ነበር። ባቡሩ ይበልጥ የሠራው ለስንቅ፣ በኋላም ከመቅደላ የሚመለሰውን ጦር ወደ መርከብ ለማድረስ ነው። ከባቡሩ ጫፍ እስከ መቅደላ ያለው መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህ ላይ ብረት ያሻገረው ምንም ወንዝ የለም።

ሥዕሉ እንዴት ለንደን ደረሰ

በዘመኑ የጋዜጣ ሥዕል ማለት በአብዛኛው ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የሚያወጣው ሥዕል ነው። ጋዜጣው በ1842 የተመሠረተ ሳምንታዊ ሲሆን ጦርነት ሲነሳ ሠዓሊ ይልካል። ወደ መቅደላ የተላከው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ሲምሰን ነበር፤ ሲምሰን አስቀድሞ በክራይሚያ ጦርነት ሥዕሎቹ ስሙ ታውቋል። ከዘማቹ መኮንኖችም ንድፍ እየሠሩ የሚልኩ ነበሩ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር አብሮ ሄዶ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ፊታቸውን ሥሏል። የጦር መሐንዲሶቹ ክፍልም ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት።

ከንድፍ እስከ ጋዜጣ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ሠዓሊው በእርሳስና በውኃ ቀለም የሠራው ወረቀት በመርከብ ወደ ስዊዝ፣ ከዚያ ወደ ለንደን ይሄዳል። ለንደን ላይ ሌላ ሠዓሊ ንድፉን ገልብጦ ጠጣር በሆነ እንጨት ላይ ይስለዋል። የዚህ እንጨት ግንድ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሥዕል በአንድ ቁራጭ አይበቃውም፤ ትንንሽ ቁራጮች በብሎን ተያይዘው አንድ ሰሌዳ ይሆናሉ። ሰሌዳው ከተነደፈ በኋላ ይፈታና እያንዳንዱ ቁራጭ ለአንድ ቀራጺ ይሰጣል። ቀራጺዎቹ በየፊናቸው ነጭ መሆን ያለበትን ይቆፍራሉ፣ ጥቁር የሚሆነውን ያስቀራሉ። ከዚያ እንደገና ተገጣጥሞ በቀለም ይታተማል። ፎቶግራፍ በቀጥታ ጋዜጣ ላይ የሚታተምበት ዘዴ የተስፋፋው ከ1880ዎቹ ወዲህ ስለሆነ ከፎቶግራፍ የመጣው ሥዕልም በዚሁ በእንጨት ቅርጽ ነበር የሚያልፈው።

ስለዚህ በጋዜጣው ገጽ ላይ የሚታየው ነገር ቢያንስ ሦስት እጅ የነካው ነው። ሠዓሊው ያየውን ይነድፋል፣ ለንደን ያለው ይገለብጣል፣ ቀራጺው ይቆርጣል። የኋለኞቹ ሁለቱ ሀገሩን አይተውት አያውቁም። ተራራው ከነበረው ይበልጥ ይሾላል፣ የዛፉ ቅጠል የእንግሊዝ ሀገር ዛፍ ይመስላል፣ የሀገሬው ልብስ በደንብ ላልገባው ሰው እንደተመቸው ይጠመጠማል። ብረት ግን ከዚህ ይተርፋል። ፉርጎ፣ ሐዲድ፣ መርከብና ማራገፊያ የለንደን ቀራጺ በየቀኑ የሚያየው ነገር ስለሆነ በትክክል ይቀረጻል። የመቅደላ ዘመቻ ሥዕሎች ሲታዩ የማሽኑ ነገር ጥርት ብሎ፣ የሀገሩና የሰው ነገር ደብዘዝ ብሎ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ገዢው ነው። ጋዜጣውን የሚገዛው የለንደን ሰው ገንዘቡ ምን እንደሠራበት ማየት ይፈልጋል። ዘመቻው ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጅቷል፤ ይህ ለዘመኑ ከባድ ገንዘብ ነው። መርከቦቹ፣ ማራገፊያው፣ ዝሆኖቹ፣ ባቡሩ፣ ሁሉም ወጪው የት እንደገባ የሚያሳዩ ናቸው። እንዲህ ያለው ሥዕል ውሸት አይደለም። ግን ያ ሐዲድ እስከ መቅደላ በር የደረሰ ሊያስመስል ይችላል።

ብረቱ ካበቃበት ወዲህ

ከኩማይሌ በላይ ጦሩ በእግርና በበቅሎ ነው የሄደው። ሰንዓፌን፣ አዲግራትን፣ እንጣሎን፣ አሸንጌን አልፎ ወደ ዋድላና ደላንታ መጣ። እዚያ የሚያጋጥመው የሀገሩ ገደል ነው። የጂዳ ወንዝ ገደል ከአፋፉ እስከ ውኃው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በሽሎም እንዲሁ። በዚህ ገደል ላይ የዘመኑ መሐንዲስ ሁሉ ቢሰበሰብ በአንድ ወቅት ድልድይ ሊዘረጋ አይችልም ነበር። ጦሩ ወርዶ፣ ውኃውን በእግሩ ተሻግሮ፣ ማዶውን ወጣ። ለአንድ ቀን መንገድ ሁለት ሀገር የሚያህል ቁልቁለትና ዳገት ማለት ነው።

ጦሩ ይህን ገደል ሲወርድና ሲወጣ የረዳው ግን ሌላ ሰው የሠራው መንገድ ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስ መንገድ። ንጉሡ በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነስተው መድፎቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ገሰገሱ። ከመድፎቹ ትልቁ፣ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ይህን ብረት በዘቢጥ ዳገት፣ በጂዳና በበሽሎ ገደል ለማሳለፍ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ አፈሩ እየተቆፈረ መንገድ ተሠራ፤ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 መጨረሻ ላይ ነው። ናፒየር ከኋላቸው ሲመጡ የተጠቀሙበት ይህንኑ መንገድ ነው።

በወሎ ምድር በ1868 የተፈጸመው እውነተኛ የምሕንድስና ሥራ ይህ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእንግሊዞቹ ሥራ ሜዳ ላይ፣ በሕንድ መጋዘኖችና በመርከቦች ተደግፎ የተሠራ ነው። የቴዎድሮስ መንገድ ግን ከፋብሪካ ምንም ሳይመጣ፣ በሰው ጉልበትና በመፈልፈያ፣ ከባድ ብረት በእንጨት ሠረገላ እየተጎተተ፣ ከዓለም አስቸጋሪ ከሆኑት ገደሎች በአንዱ የተቀደደ ነው። ስለ መንገዱ የዘመቻው ጸሐፊዎች በአድናቆት ጽፈዋል። ሥዕሉን ግን የወሰደው በአብዛኛው ሌላው ወገን ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ስቅለት ዕለት፣ ጦሩ በሽሎን ተሻግሮ እሮጌ ሜዳ ላይ ጦርነት ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ከመቅደላ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከንጉሡ ግምጃ ቤት የተዘረፈው መጽሐፍና ቅርስ በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ከብራናዎቹ ብዙዎቹ ዛሬ ለንደን ናቸው። ይህን ቅርስ ከመቅደላ ወደ ባሕር ያወረደው ጭነት መጨረሻ ላይ ያረፈው በዚያው በዙላ ሐዲድ ጫፍ ነው። ናፒየር በሰኔ 1868 ዙላን ለቅቀው ሄዱ።

ከመቅደላ በኋላ

ከመቅደላ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1869፣ በጃፓን ዮኮሃማ ከተማ የዮሺዳ ድልድይ በብረት ተሠራ። መሐንዲሱ ስኮትላንዳዊው ሪቻርድ ብራንተን ነው። የጃፓን የእንጨት ማኅተም ሠዓሊዎች፣ ከእነርሱም ሂሮሺጌ ሳልሳዊ የሚባለው፣ አዲሶቹን የብረት ድልድዮች፣ ጋሪዎቹንና ባቡሮቹን በደማቅ ቀለም እየሠሩ ለሕዝቡ ይሸጡ ነበር። ልዩነቱ ትልቅ ነው። በጃፓን ድልድዩ የከተማው ነበር፤ የሚሻገርበትም፣ የሚሥለውም፣ ሥዕሉን የሚገዛውም የሀገሩ ሰው ነው። በዙላ ግን ድልድዩ የሌላ፣ ሠዓሊው የሌላ፣ ገዢውም የሌላ ነበር። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ያን ጊዜ የሚሠራው በአብዛኛው ለቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዙላ ወርዶ ሐዲዱን ያየ ሠዓሊ ሥራ አይታወቅም።

ብረት ወደ ኢትዮጵያ ወንዞች በቋሚነት የመጣው ዘግይቶ ነው። ድልድይ የማሠራት ፍላጎት ግን ቀድሞም ነበር። በዓባይ ላይ፣ ጢስ ዓባይ አጠገብ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ዛሬም አለ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1880ዎቹ በጎጃም የተምጫን ድልድይ በኢጣሊያዊው ሳሊምቤኒ አሠርተዋል። ዐፄ ምኒልክ በስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ አማካይነት አዋሽን በድልድይ አሻግረዋል። ጣሊያኖች ደግሞ ከምጽዋ እስከ ሰዓጢ 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የባቡር መስመር በ1888 ከፈቱ፤ ይህም ከዙላው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሌላ ሥራ ነው።

ትልቁ የብረት ሥራ የጂቡቲ ባቡር ነው። ፈቃዱ በ1894 ተሰጠ፤ ሥራው በ1897 ተጀመረ። ከጂቡቲ ወደ ድሬዳዋ ሲወጣ ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሸለቆዎች ያጋጥማሉ። በእነዚህ ላይ ሸበሌና ሆልሆል የሚባሉት ረጃጅም የብረት ድልድዮች ተዘረጉ፤ ሆልሆል ከሸለቆው ወለል 29 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሁለቱም በዘመኑ የፖስታ ካርዶች ላይ እየታተሙ ዓለምን ዞረዋል። ይህን ጊዜ ሥዕሉን የያዘው የእንጨት ቅርጽ ሳይሆን ፎቶግራፍ ነበር። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የአዋሽ የባቡር ድልድይ በ1941 ኢጣሊያ ሲሸሽ አፈረሰውና እንደገና ተሠራ።

ወሎ ባቡሩ በራቀው መንገድ ላይ ነው የቀረው። ከአስመራ በወልድያ፣ በመርሳ፣ በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴ የሚገባው የመኪና መንገድ በ1930ዎቹ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ሲሠራ ወንዞቹን ያሻገረው በአብዛኛው ድንጋይና ሲሚንቶ ነው። የብረት ድልድይ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የሚታየው ይበልጥ ድልድይ ሲፈርስ ነው። ያን ጊዜ የሚተከለው በየክፍሉ ተጭኖ መጥቶ በብሎን የሚገጣጠመው ቤይሊ ድልድይ ነው፤ ዶናልድ ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ያወጣው ነው። የአሠራሩ ሐሳብ ከዙላዎቹ ድልድዮች አይለይም፦ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ተቆጥሮ መጥቶ፣ በቀናት ውስጥ ይቆማል።

የ1868 ፎቶግራፎችና ሥዕሎች ዛሬ በእንግሊዝ ቤተ መዛግብት፣ በብሪቲሽ ላይብረሪና በብሔራዊ የጦር ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ከዙላ ባቡር በተጨማሪ ደጋውን፣ ገደሉን፣ ገበሬውን፣ መቅደላንም ይዘዋል። ለወሎ ሰው እነዚህ የሀገሩ ቀደምት ፎቶግራፎች ናቸው ማለት ይቻላል። ወደ ኢትዮጵያ የመመለሳቸው ነገር ቢዘገይ እንኳ ቅጂያቸውን ለማግኘት የሚከለክል ነገር የለም። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ተቋማት፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የደሴ፣ የሐይቅና የውጫሌ ትምህርት ቤቶች ቅጂዎቹን ጠይቀው በጥሩ ወረቀት አትመው በየቤተ መጻሕፍቱ ሊያስቀምጧቸው ይገባል። ሥዕሎቹ ሲሰቀሉ ደግሞ ከሥራቸው ሁለት መስመር ቢጻፍ ይበቃል፤ ሐዲዱ ኩማይሌ ላይ ማቆሙ፣ ጂዳንና በሽሎን ያሻገረው መንገድ ደግሞ በዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች እጅ የተሠራ መሆኑ።